አለቃ ዞር ሲል ስራው ለምን ይቆማል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? ባለፈው ወር ስለ አለቅነት ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ እኔ የጠበቅኩት አለቃዬ መከራዬን አበላኝ የሚል እሮሮ ነበር፣ የመጣው ግን አብዛኛው ከራሳቸው ከአለቆቹ ነው። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል። አለቃ ማንን ይጠይቃል? ከላይ ያለውን ቢጠይቅ አልቻለም ይባላል፣ ከታች ያለውን ቢጠይቅ ይናቃል። አምስቱን መርጫለሁ፣ ስማችሁንና የምትሰሩበትን ቤት አላወጣሁም፣ ረጃጅሞቹንም ትንሽ ቆረጥ አድርጌያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጋርመንት ፋብሪካ ነው የምሰራው። ሶስት አመት ማሽን ላይ ኦፕሬተር ነበርኩ፣ ከሰባት ወር በፊት የላይን ሱፐርቫይዘር (የአንድ የስፌት መስመር ሀላፊ) አደረጉኝ። አሁን ስሬ ያሉት አብረን ቤት ተከራይተን የኖርን፣ ከአንድ ምሳ እቃ የበላን ልጆች ናቸው። መጀመሪያ በፍቅር ልያዛቸው ብዬ ዝም አልኳቸው፣ ታርጌት ወረደና ፕሮዳክሽን ማናጀሩ በሰው ፊት አዋረደኝ። ከዛ እኔም መጮህ ጀመርኩ። ታርጌቱ ወጣ፣ ግን ሚቲንግ ገብቼ ስወጣ ላይኑ ቆሞ ነው የማገኘው፣ ምሳ ላይ አጠገባቸው ስቀመጥ ደግሞ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ልጩህ ወይስ ልለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ሞክረሽ ሁለቱም እንዳልሰራ በራስሽ አይን አይተሻል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስንቱ አለቃ አንዱን ብቻ ይዞ ጡረታ ይወጣል።

ያንቺን ላይን የሚመስል አንድ የቆየ ጥናት አለ። ኩርት ሌዊን የሚባል ሂትለር ስልጣን ሲይዝ ከጀርመን የወጣ አይሁዳዊ የስነ ልቦና ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የ10 አመት ልጆችን ከትምህርት በኋላ በትንንሽ ክለብ ከፋፍሎ የእጅ ስራ ያሰራቸዋል። ለየክለቡ አንድ አንድ ትልቅ ሰው አለቃ ያደርግላቸዋል፣ አንዱ ይህን አድርጉ እያለ ብቻ የሚያዝ፣ አንዱ ከልጆቹ ጋር ተማክሮ የሚያሰራ፣ አንዱ ደግሞ እቃውን ሰጥቷቸው እንደፈለጋችሁ ብሎ ዳር የሚቀመጥ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ የሚያዘው አለቃ ስራ አላሰራም ብሎ ያስባል። አሰርቷል እንጂ! እሱ ጋ ፀጥ ብለው የሚታዘዙት ልጆች አለቃው ክፍል ውስጥ እያለ ከጊዜያቸው 74 በመቶውን ስራ ላይ ነበሩ፣ የሚያማክረው ጋ ያሉት 50 በመቶ ብቻ። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ፕሮዳክሽን ማናጀርሽ ልክ ነበር። ግን አለቆቹ ሆን ብለው ሰበብ እየፈጠሩ ከክፍል ይወጡ ነበር፣ ያኔ የታዛዦቹ ስራ ወደ 29 በመቶ ዝቅ አለ፣ የተማከሩት ልጆች ግን 46 ላይ ቆዩ። እንደፈለጋችሁ የተባሉትማ አለቃቸው ኖረም አልኖረም ብዙም አልሰሩ።

እና መጀመሪያ በፍቅር ያልሽው ጊዜ ልንገርሽ አይደል፣ ፍቅር አልነበረም፣ ሶስተኛው ሰውዬ ነበርሽ። ዝም ማለትና ማማከር አንድ አይደሉም። አሁን ደግሞ የመጀመሪያው ሰውዬ ሆነሻል፣ ስራው ያንቺ ድምፅ ላይ ስለተንጠለጠለ ድምፅሽ ሚቲንግ ሲገባ ስራውም አብሮሽ ይገባል።

እኔ ብሆን ሰኞ ጠዋት ማሽን ከመነሳቱ በፊት ልጆቹን የየሰአቱ ምርት የሚመዘገብበት ቦርድ ጋ ለአምስት ደቂቃ አቆማቸዋለሁ፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ እንዳይሆን፣ ስብሰባ ሰው ይጠላል። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፣ ትናንት የቱ ጋ ነው የታፈነው? አንቺ መልሱን ታውቂዋለሽ፣ ሶስት አመት ማሽን ላይ ተቀምጠሻል። ኮሌታ የምታስገባዋ ጋ ባንድሉ (የተቆረጠው ጨርቅ እስር) እንደ ተራራ ይከመራል፣ ከሷ ቀጥላ እጅጌ የምትሰፋው ደግሞ ስራ አጥታ ጥፍሯን ታያለች፣ ሱፐርቫይዘሯ መጥታ የምትጮኸው ግን ጥፍሯን በምታየው ላይ ነው! ልጅቷ ምን ታድርግ? ስራው አልደረሳትም። ኮሌታ ላይ አንድ ሰው ቢጨመር ወይ መርፌው ቢቀየር የሚፈታውን ነገር በጩኸት መቶ አመት ብትሞክሪ አይፈታም። ቦርዱ ላይ ታርጌትና የወጣው ብቻ ከተፃፈ አጠገቡ ለምን የምትል አንዲት መስመር ጨምሪበት፣ እዛች መስመር ላይ ግን የሰው ስም እንዳይፃፍ፣ ምክንያት ብቻ፣ መርፌ ተሰበረ፣ ክር አለቀ፣ መብራት ጠፋ።

ካይዘን ካይዘን ሲባል ሰምተሻል መቼም፣ ስራን ከሰራተኛው ጋር ሆኖ ትንሽ በትንሽ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጃፓኖች ድጋፍ አገራችን ገብቶ በ2011 ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት። ብዙ ቦታ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሆኖ ቀረ እንጂ ዋናው ነገሩ እኮ ይሄ ነው። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ሰራተኛው ችግር ሲያይ የሚስበው ገመድ አለ፣ ሲስበው መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል፣ የሚመጣው ሊያግዝ ነው፣ በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። እስቲ ያንቺ ላይን ላይ አንዷ ልጅ እጇን ብታወጣ ምን ትያታለሽ? ምን ሆንሽ ደግሞ አንቺ ነው የምትያት ወይስ ምን ላምጣልሽ?

ለሚቲንግ ስትወጪ ደግሞ አንዷን በስም ጥሪና እስክመለስ እሷን ጠይቁ ብለሽ በሁሉም ፊት ተናገሪ፣ ሁሌ አንድ ልጅ አትሁን፣ ተራ ይኑረው፣ ያቺ ወንበር ምን ያህል እንደምታቃጥል ሁሉም ይቅመሳት። መጮህ ክልክል ነው እያልኩሽ አይደለም። የአንዷ ጣት መርፌ ስር ሲገባ፣ ሽቦ ሲጨስ፣ ያኔ ጩሂ፣ እሳት ሲነሳ ምን ይመስላችኋል ተብሎ አይጠየቅም።

የምሳው ነገር ግን... ልብሽ እንደተሰበረ ገብቶኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምትለዋን ተረት ሁላችንም ጠጥተናት ስላደግን ጓደኛ ሲሾም ለኔም ይተርፈኛል ብሎ ማሰብ አለ፣ ፈቃድ ቶሎ ትሰጠኛለች፣ ሳረፍድ አታይም ምናምን። ያን ሲያጡ ይኮራረፋሉ። ምሳውን ጨርሰሽ አትተዪው፣ በሳምንት ሁለት ሶስቴ ብይ፣ ስለ ስራም አታውሪ፣ በቀረው ቀን ግን ሌላ ቦታ ብይላቸው። ሰራተኛ እኮ አለቃውን የሚያማበት ሰአት ያስፈልገዋል፣ አንቺም ኦፕሬተር ሆነሽ አምተሻል።

ጥያቄ፦ የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። ሊደርና ማናጀር ልዩነታቸው ምንድነው? ኖታችን ላይ ሲነበብ ሊደር ቅዱስ፣ ማናጀር ሰይጣን ይመስላል።

መልስ፦ ሃሃ፣ ስእሉንም አይቼዋለሁ፣ አንዱ ከፊት ሆኖ ገመድ ይጎትታል፣ አንዱ ከላይ ተቀምጦ ጣቱን ይቀስራል። ለፈተና የተሰጠህን ፃፍ፣ ለህይወትህ ግን ብዙ አትመነው። ሄንሪ ፋዮል የማዕድን ኢንጂነር ነበር፣ የአንድ የፈረንሳይ የማዕድንና የብረት ኩባንያ ዋና ስራ አስኪያጅ ሆኖ ወደ 30 አመት ገደማ ሰርቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1916 የማናጀር ስራ አምስት ነው ያለው፣ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማስተባበር፣ መቆጣጠር። ከዛ ካናዳዊው ሄንሪ ሚንዝበርግ መጣና የሚሉትን ትቼ የሚሰሩትን ልይ ብሎ አምስት ትልልቅ አለቆችን እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ሳምንት ተከታተላቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ስራ ላይ እንዳለው ቁጭ ብሎ የሚያቅድ ሰው አላገኘም፣ ስልክ፣ የሚገባ የሚወጣ ሰው፣ ደብዳቤ፣ ግማሹ ስራቸው ከ9 ደቂቃ በታች ነበር የሚወስደው። አስር ሚና ለየላቸውና በሶስት መደባቸው፣ ከሰው ጋር ያለው፣ ወሬ የመሰብሰብና የማድረስ፣ እና የመወሰን። ሊደርነት ከነዛ አስሩ አንዱ ነው፣ ማለት ያው አንዱ ሰውዬ ጠዋት ሶስት ሰአት ላይ ሊደር ሆኖ አራት ሰአት ላይ በጀት ሲያካፍል ታገኘዋለህ፣ ሁለት ሰው አይደሉም።

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት የክፍል ሀላፊ ተብዬ አንድ አመት ሆነኝ። እሁድም ማታም እሰራለሁ፣ ኦቨርታይም ስጠይቅ አንተ እኮ የስራ መሪ ነህ አይከፈልህም ይሉኛል። ለሰራተኛ የግማሽ ቀን ፈቃድ እንኳን ሳላስፈርም አልሰጥም። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እውነትም የስራ መሪን አይሸፍንም፣ እሱ ላይ አልዋሹህም። ግን የስራ መሪ የሚሆነው በሩ ላይ በተለጠፈው ስም አይደለም። የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈፀም፣ ወይም ሰራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት፣ የመመደብ ስልጣን የተሰጠው ሰው ነው። የግማሽ ቀን ፈቃድ የማይፈቅድ መሪ ምን ይመራል? የስራ መዘርዝርህንና የሹመት ደብዳቤህን አውጥተህ ሰው የመቅጠርና የማሰናበት ነገር የሚል ካለው ፈልግ፣ ከሌለው ወደ አሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወይ ወደ ጠበቃ ይዘኸው ሂድ። ሰራተኛ ከሆንክ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰአት ባለው ትርፍ ሰአት አንድ ተኩል፣ ከማታ 4 እስከ ጠዋት 12 አንድ ነጥብ 75፣ በእረፍት ቀን እጥፍ፣ በበአል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የሰራኸውን ቀንና ሰአት ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ላይ ያዝ፣ በቃል ማንም አያምንህም።

ጥያቄ፦ ዳቦ ቤት አለኝ፣ 9 ሰራተኛ። እኔ ካልቆምኩ ዱቄቱ ይጎድላል፣ ዳቦው ያርራል። እድሜዬ ሄዷል፣ ሌሊት መቆም አልችልም፣ ስለዚህ ካሜራ አስገጠምኩና በስልኬ እያየሁ ቆመው ሳያቸው እደውልላቸዋለሁ። ላረፈደ ደግሞ ከደሞዝ 100 ብር እቆርጣለሁ። በአራት ወር ሶስት ጋጋሪ ለቀቀብኝ። ልጄ እማዬ አንቺ ነሽ የምታባርሪያቸው አለችኝ። እውነቷን ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ እውነቷን ነው። ዱቄት ይጎድላል ያሉት ስጋት ግን እውነት ነው፣ እሱን አላጣጥልብዎትም።

መጀመሪያ ስለ ካሜራው። ሌሊት ሰባት ሰአት ላይ ጋጋሪው እጁን አጣምሮ ቆሞ አዩትና ደወሉለት። ለምን ቆመ? ሊጡ ኩፍ እስኪል ነዋ! እርስዎ ራስዎ በጉልበትዎ ጊዜ ስንቴ እንደዛ ቆመው ጠብቀዋል። ካሜራ የቆመ ሰው ያሳያል እንጂ ኩፍ የሚል ሊጥ አያሳይም። ያ ሰውዬ ከዛ ቀን በኋላ ምን ይማራል መሰልዎት፣ ስልክ እንዳይደወልበት መንቀሳቀስ ይማራል፣ የተጠረገ ወለል ደግሞ ይጠርጋል፣ ወይ ደግሞ ሊጡ ሳይደርስ ምድጃ ይከተዋል፣ ጠዋት ደንበኛው ዳቦው ደረቀ ብሎ ይመልስልዎታል።

ካሜራውን ገንዘብ መቀበያውና መጋዘኑ ላይ ይተዉት፣ ከሰዎቹ ፊት ላይ ያንሱት። ከዛ የሚቆጣጠሩት ነገር ሁለት ቁጥር ይሁን፣ ማታ ስንት ኩንታል ዱቄት ወጣ፣ ጠዋት ስንት ዳቦ ገባ። ከአንድ ኩንታል በእርስዎ ግራም ስንት ዳቦ እንደሚወጣ ከኔ በላይ ያውቁታል። ቁጥሩ ከተገናኘ ሲዘፍኑም ቢያድሩ ምን አገባዎት፣ ካልተገናኘ ደግሞ ያን ጊዜ ጋጋሪውን ጠርተው ከምን ሄደ ይበሉት፣ የሚያርረውንም አብሮ ያስመዝግቡ፣ ምድጃው አንድ በኩል አብዝቶ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል፣ ሰው የሚሰደበው ለምድጃው ጥፋት ሆኖ ያየሁት ብዙ ነው።

የ100 ብሩ ነገር ደግሞ ህግም ጋ ይጣላል። አሰሪ ከደሞዝ የሚቆርጠው በህግ፣ በህብረት ስምምነት፣ በስራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲሆን ነው፣ አለዚያ ሰራተኛው ራሱ በፅሁፍ ሲስማማ፣ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ ሲሶ አይበልጥም። በቃል የተነገረ ቅጣት ከነዚህ የቱም ውስጥ አይገባም። ማርፈድን አዋጁ ዝም ብሎ አላለፈውም፣ በፅሁፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ያለ በቂ ምክንያት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን ሰራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይፈቅዳል። እና ወረቀት ይፃፉ፣ ብር አይቁረጡ። እኔ ግን ከወረቀቱም በፊት የምጠይቀው ታክሲውን ነው። ማታ አራት ሰአት የሚገባ ሰው ከየት ነው የሚመጣው? ሰልፍ ላይ ቆይቶ ከሆነ 100 ብር ቢቀጡት ነገ ታክሲው ቶሎ አይመጣለትም፣ ሰፈር አካባቢ የሚኖር ጋጋሪ መፈለግ ወይ ገቢ ሰአቱን በግማሽ ሰአት መግፋት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ዲሲ ዳውንታውን የአንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ማናጀር ነኝ፣ 31 አመቴ ነው። ከምመራቸው አንዱ የ62 አመት ሰው ናቸው፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠዋት በራሽ ሰአት ቡዙን (የመክፈያ ክፍሏን) ዘግተው ይጠፋሉ፣ መኪና ይሰለፋል፣ ካምፓኒው ራይት አፕ አድርጋቸው፣ ማለት የፅሁፍ ማስጠንቀቂያ አስፈርማቸው ይለኛል። አባቴ የሚሆኑ ሰው እንዴት አስፈርማለሁ? ዝም ካልኩ ደግሞ ወጣቶቹ ለሱ ሲሆን ዝም ይላል እያሉኝ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተን ሳነብ የራሴ ሀጢያት ትዝ አለኝ። አለቃ በሆንኩ በመጀመሪያው አመት፣ አንድ ትልቅ ሰው እቃ ክፍል ነበሩ፣ ወረቀት አዘገዩብኝና ሰው በተሰበሰበበት ደነፋሁባቸው። ምንም አላሉኝም፣ መነፅራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ከሁለት ወር በኋላ ብዙ ካርቶን ብሎን መጣልን፣ መጠኑ ትክክል አልነበረም፣ አንዱም ማሽን ላይ አይገባም። ትእዛዙ በሳቸው እጅ ነበር ያለፈው፣ ስህተቱን ያኔውኑ አይተውታል። ለምን አልነገሩኝም ስላቸው፣ አልጠየቅከኝማ ልጄ አሉኝ። ያን ቀን የከፈልኩት ዋጋ የዛን ደቂቃ ጩኸት ዋጋ ነው።

ስለዚህ ቡዙ በር ላይ፣ ወጣቶቹ እያዩ፣ እንዳትናገራቸው። ግን ዝም ማለትም አክብሮት አይደለም፣ አንተ ዝም ስትል ጋሼን ሌላው ያማቸዋል፣ መኪናው የተሰለፈበት ደንበኛ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሰድባቸዋል። ከሺፍት በኋላ ቡና ላይ ቁጭ በልና ጋሼ ማለትህንም አንቱታህንም አትተው፣ አለቃ ሆንኩ ብለህ ድምፅህን አትቀይር፣ መጀመሪያ ግን ጠይቃቸው። ያኛው ሰፈር ሁለት ስራ የሚሰራ ሰው ብዙ ነው፣ ሌሊት ሌላ ቦታ አድረው ጠዋት አንተ ጋ የሚገቡ ከሆነ የጠፉት ለመተኛት ሊሆን ይችላል፣ ስኳር ካለባቸውም መድሀኒታቸውን ሊወስዱ ይሆናል። ምክንያቱ እንዲህ ያለ ከሆነ የሚፈታው ሺፍታቸውን በመቀየር ነው እንጂ በፊርማ አይደለም።

ምክንያት ከሌለ ወይም ተነጋግራችሁም ከቀጠለ ግን ራይት አፑን ፃፍ። የሰዎቹን ልብ የሚያቆስለው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ሳይሆን እላዩ ላይ የሚፃፈው ቃል ነው። ሀላፊነት አይሰማቸውም ብለህ አትፃፍ፣ ይሄ ስድብ ነው። ማክሰኞ ጠዋት በእናንተ ሰአት ከ8፡10 እስከ 8፡35 ቡዙ ዝግ ነበር፣ ስድስት መኪና ወረፋ ላይ ነበር ብለህ ፃፍ፣ በዛ ላይ ማንም አይከራከርም፣ ዩኒየን (የሰራተኛ ማህበር) ካላችሁም ኮንትራቱ ላይ ስንተኛው ማስጠንቀቂያ ምን እንደሚያስከትል አንብበህ ግባ። ለ22 አመቱ ልጅም ያው ፎርም፣ ያው አፃፃፍ ይሁን፣ ወጣቶቹ የሚያዩህ እሱን ነው። ሲፈርሙ ብእሩን በሁለት እጅህ ስጣቸው። የቡናውን ሂሳብ እኔ ነኝ የምከፍለው ብለው ይታገሉሃል፣ እሱን እንኳን ተሸነፍላቸው።